ዝቅ ብሎ የሚበር ሰው አያያችሁም

መርካቶ ውስጥ ቆሞ ሄሊኮፕተር መጣ አልመጣ ብሎ በጆሮ መለየት አስቸጋሪ ነው። ከምናለሽ ተራ የብረትና የቆርቆሮ ድብደባው አያባራም፤ አውቶቡስ ተራ ረዳቶች ይጣራሉ፣ ጡሩምባው ይጮኻል፤ በየሱቁ በር የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ የየራሱን ዘፈንና ማስታወቂያ ይለቃል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ከአንዋር መስጊድ አዛን፣ ከራጉኤል ቅዳሴ ይሰማል። በዚህ ሁሉ መሐል የሄሊኮፕተር ድምፅ ተለይቶ የሚሰማው አናት ላይ ሲደርስ ነው። ተወልጄ ያደግሁበት ሰፈር ስለሆነ ጫጫታውን እወደዋለሁ። ነገር ግን ከዚሁ ከመርካቶ ፎቆች ጣሪያ ላይ ድሮን ማስነሳት የሚያምራቸው ልጆች እየበዙ ስለመጡ፣ ይህን ጉዳይ በግልጽ መነጋገር አለብን።

የዕድሜዬን ትልቁን ክፍል የጨረስኩት ደብረ ዘይት በሄሊኮፕተር ጥገና ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የእህቴ ልጅ መርካቶ፣ ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር በከፈታት የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት እውላለሁ። ድሮ የሚመጣው ስልክና ቴሌቪዥን ነበር፤ አሁን የሠርግ ካሜራማኖች ድሮን ይዘው ብቅ ይላሉ። አንዱ ክንፉ ተሰብሮበት፣ ሌላው የካሜራው ማንጠልጠያ ተጣሞበት ነው። “ጋሼ፣ ሲግናል ጠፋና ዝም ብሎ ሄደ” ይሉኛል። እኔም ሁልጊዜ “ወዴት ሄደ? ስንት ሜትር ላይ ሳለ ነው የጠፋው?” ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱን በእርግጠኝነት የሚነግረኝ ጥቂት ነው።

አስቀድሞ የሕጉን ነገር ልጨርስ። በኢትዮጵያ ድሮን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ በተለምዶ ኢመደአ የምንለው መሥሪያ ቤት፣ ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ ከውጭ ይዞ የመጣ መንገደኛ ቦሌ ጉምሩክ ላይ ይያዝበታል። የአየር ክልሉን የሚቆጣጠረው ደግሞ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ድሮን የሚለው ስም በሀገራችን በብዙ ሰው ጆሮ ውስጥ ከጦርነት ጋር ስለተያያዘ፣ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ሰፈር ላይ ሲያንዣብብ ያየ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ፈቃድ ለያዘ ሰው ነው። ፈቃድ የሌለው ባትሪውን ነቅሎ ያስቀምጠው።

ብዙ ልጆች “አውሮፕላን እኮ ከፍ ብሎ ነው የሚሄደው፣ የእኔ ደግሞ ዝቅ ብሎ ነው፤ የት እንገናኛለን?” ይሉኛል። ስለ መንገደኛ አውሮፕላን ከሆነ፣ ከአየር ማረፊያ ርቆ ሲሄድ ልክ ናቸው። ቦሌ ከመርካቶ በቀጥታ መስመር ወደ 9 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ማኮብኮቢያዎቹም ከምሥራቅ ሰሜን ምሥራቅ ወደ ምዕራብ ደቡብ ምዕራብ የተዘረጉ ስለሆኑ ለማረፍ የሚያዘቀዝቀው አውሮፕላን በመርካቶ አናት ላይ አያልፍም። ልደታ ግን ሌላ ነው። ቦሌ በ1950ዎቹ ከመከፈቱ በፊት የአዲስ አበባ አየር ማረፊያ ልደታ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ሲያደርግ ቦሌ ገና አልነበረም። የጄት ዘመን ሲመጣ ልደታ ስላጠረ ቦሌ ተሠራ፤ ልደታ ደግሞ ለረጅም ዘመን የጦሩ ሄሊኮፕተሮችና ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚያርፉበት ሆኖ ኖረ። ከዚያ እስከ መርካቶ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለሄሊኮፕተር ይህ አንድ ደቂቃ አይሞላም። በትልልቅ በዓላትና በአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሰሞን ሄሊኮፕተር ከተማው ላይ ሲዞር ያልሰማ አዲስ አበቤ መቼም አይገኝም።

የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ሕግ ፓይለት በዓይኑ እያየ በሚበርበት ጊዜ በከተማ ላይ በአካባቢው ካለው ከፍተኛ ሕንፃ ወይም እንቅፋት ቢያንስ 300 ሜትር፣ ከከተማ ውጭ ደግሞ ከመሬት ቢያንስ 150 ሜትር ከፍ እንዲል ያዛል። በአሜሪካና በአውሮፓ ለድሮን የተቀመጠው ጣሪያ 120 ሜትር ነው። በወረቀት ላይ በመሐከላቸው ክፍተት አለ፤ ገጠር ላይ ግን ክፍተቱ 30 ሜትር ብቻ ነው። ከዚያም በላይ ሄሊኮፕተር ሲነሳና ሲያርፍ፣ ሰው ሲያድን፣ ሲቃኝ፣ እሳት ሲያጠፋ ከዚያ ወሰን ይወርዳል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. አንበጣ ሲወርረን መድኃኒት የረጩት አውሮፕላኖች ማሳውን ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ሥራቸው ዝቅ ብሎ መብረር ነውና።

የድሮኑ ስክሪን ላይ የምታዩት ከፍታ ደግሞ ከመሬት ሳይሆን ከተነሳበት ቦታ የተለካ ነው። ከአንድ ባለ አሥር ፎቅ የገበያ ማዕከል ጣሪያ ላይ ስታስነሱት ስክሪኑ ዜሮ ይላል፤ ድሮኑ ግን ከአስፋልቱ ከ30 ሜትር በላይ ከፍ ብሏል። ከዚያ ወደ ተክለ ሃይማኖት አቅጣጫ ቁልቁል ስትሄዱ መሬቱ ከስሩ እየራቀ ይሄዳል። “120 ሜትር ላይ ነኝ” የሚለው ልጅ በእውነቱ 170 ሜትር ላይ ሊሆን ይችላል። እንጦጦ ጫፍ ቆሞ ወደ ከተማው የሚያበርማ ልዩነቱ በመቶዎች ሜትር ነው።

አሁን ወደማውቀው ነገር ልግባ። ሚ-8 ሄሊኮፕተር ዋና ሮተሩ ላይ አምስት ክንፎች አሉት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ 21 ሜትር ያልፋል። የእያንዳንዱ ክንፍ አጥንት ውስጡ ክፍት የሆነ የአሉሚኒየም ቱቦ ነው። ቱቦው ውስጥ የታመቀ አየር ይሞላል፤ ክንፉ ሥር ላይ ትንሽ ጠቋሚ አለች። አጥንቱ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ብትፈጠር አየሩ ይሾልካል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ጠቋሚዋ ላይ ቀይ ምልክት ብቅ ይላል። ጠዋት ከበረራ በፊት ወጥተን አምስቱንም አንድ በአንድ እናይ ነበር። ቀይ ከታየ በረራ የለም፤ ማን ተሳፋሪ እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚቸኩል አይጠየቅም። ሰው እዚህ ድረስ የሚጠነቀቅለት ክንፍ፣ በደቂቃ 190 ዙር ገደማ ሲዞር ጫፉ በሰከንድ ከ200 ሜትር በላይ ይጓዛል። ድሮናችሁ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ቢቆም እንኳ ያ ክንፍ በሰዓት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ይመታዋል። የጭራው ሮተር ደግሞ ትንሽ ነው፤ እሱ ከተበላሸ የሄሊኮፕተሩ አካል በራሱ ዛቢያ መሽከርከር ይጀምራል፣ ፓይለቱም ከተማ ላይ ዝቅ ብሎ ከሆነ ለማዳን ጊዜ የለውም።

“ፓይለቱ አይቶ ይሸሽ” የሚል አለ። ሂሳቡን አብረን እናስላ። ሚ-8 በሰዓት 225 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ በሰከንድ 62 ሜትር መሆኑ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ለፓይለቶች በሚሰጠው መመሪያ፣ አንድ ፓይለት ነገሩን አይቶ፣ ምን እንደሆነ ለይቶ፣ ወስኖ፣ መሪውን አዙሮ አውሮፕላኑ እስኪታዘዝ 12.5 ሰከንድ ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሄሊኮፕተሩ 775 ሜትር ሄዷል። አንድ ክንድ የማይሞላ ግራጫ ነገር፣ ከስሩ የመርካቶ ቆርቆሮና ሸራ ተዘርግቶ፣ ከ775 ሜትር ርቀት ማን ያያል? እኔ መሬት ላይ ቆሜ፣ የት እንዳለ እያወቅሁ እንኳ 300 ሜትር ላይ ይጠፋብኛል። ፓይለቱ አያያችሁም። ልትሸሹለት የምትችሉት እናንተ ብቻ ናችሁ።

እናንተስ ምን ያህል ጊዜ አላችሁ? አነስተኛ ድሮን በተለመደው አሠራሩ በሰከንድ 3 ሜትር ያህል ነው የሚወርደው። ከ120 ሜትር ለመውረድ 40 ሰከንድ ይፈልጋል። በ40 ሰከንድ ሄሊኮፕተሩ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ይመጣል። ስለዚህ ውሳኔው ሄሊኮፕተሩን ስታዩት የሚወሰን አይደለም፤ ድምፁን እንደጠረጠራችሁ ወዲያው ማውረድ ነው። መርካቶ ደግሞ ድምፁ የማይሰማበት ሰፈር ነው።

አሁን የምነግራችሁን ካሜራማኖች ሲሰሙት ይደነግጣሉ። ሪሞቱ ላይ ሪተርን ቱ ሆም የምትሉት ቁልፍ አለ። ሰው ሲጨነቅ እጁ ወደዚያ ይሄዳል። ነገር ግን ድሮኑ ከተነሳበት ቦታ ራቅ ብሎ ሳለ ያን ቁልፍ ብትጫኑ፣ አስቀድሞ ተሞልቶ ከተቀመጠለት ከፍታ በታች ከሆነ መጀመሪያ የሚያደርገው መውጣት ነው። ሕንፃ እንዳይመታ ተብሎ የተሠራ ነው፤ በቦታው ጥሩ ሐሳብ ነው። በብዙ አዳዲስ ሞዴሎች ከፋብሪካ ሲመጣ የተሞላው 100 ሜትር ነው። በ40 ሜትር ላይ ሠርግ እየቀረፀ የነበረ ልጅ ሄሊኮፕተር ሰምቶ ደንግጦ ያን ቁልፍ ቢጫን፣ ድሮኑ 60 ሜትር ወደ ላይ ወጥቶ ሄሊኮፕተሩን ይቀበለዋል ማለት ነው። ሲግናል ሲጠፋም በራሱ ይህንኑ ያደርጋል። መርካቶ ውስጥ ሲግናል መጥፋት ብርቅ አይደለም፤ ሕንፃው፣ የስልክ አንቴናው፣ የየሱቁ ዋይፋይ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚጮኸው።

ስለዚህ ሄሊኮፕተር ሲመጣ ያን ቁልፍ አትንኩ። የግራውን ዘንግ ወደ ታች ሳቡና ባለበት አውርዱት። የወረደበት ቦታ ርቆ ከሆነ ሄዳችሁ ታነሱታላችሁ። ሞተሩን በአየር ላይ ማጥፋትም አይሆንም፤ ከስር ሰው አለ። እዚህ ላይ ነው መርካቶ ላይ ማብረር የማይሆንበት ሁለተኛው ምክንያት። ባለበት ለማውረድ ባዶ መሬት ያስፈልጋል፤ ጆንያ ተራ ላይ፣ በርበሬ በረንዳ ላይ፣ ሸማ ተራ ላይ በሥራ ሰዓት እግር የሚያሳርፍ ቦታ የት አለ? ተሸካሚው “ወግድ! ወግድ!” እያለ በሚያልፍበት መንገድ ላይ በፍጥነት የሚሽከረከሩ አራት ክንፎች ያሉት ነገር ማሳረፍ አይቻልም።

ትንሽ ነገር ትልቁን እንደምትጥል ለማወቅ እኛ ኢትዮጵያውያን ማስረጃ ከውጭ መፈለግ የለብንም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ለመብረር የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከማኮብኮቢያው ሲነሳ ከርግብ መንጋ ጋር ተጋጨ። ርግቦቹ ወደ ሁለቱም ሞተሮች ገቡ። ፓይለቶቹ ወደ አየር ማረፊያው ለመመለስ ዞሩ፤ ሞተሮቹ ግን ጉልበታቸውን ጨረሱ፣ አውሮፕላኑም ጎማው ሳይዘረጋ በሆዱ አርፎ ተቃጠለ። ከ104 ተሳፋሪና ሠራተኛ 35ቱ ሞቱ። ያን ያደረገችው ግማሽ ኪሎ እንኳ የማትሞላ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ የምናያት ርግብ ናት። ሥጋና ላባ ብቻ ናት። ድሮን ግን የመዳብ ጥቅልል፣ ማግኔትና ሲቀጠቀጥ የሚነድ የሊቲየም ባትሪ አለው። ሠርግ ላይ ከምታዩዋቸው ማቪክ 3 ወደ 900 ግራም ይመዝናል፤ ፋንተም 4 ከ1.3 ኪሎ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የዴይተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ኪሎ ገደማ የሚመዝን ድሮን በትንሽ አውሮፕላን ክንፍ ላይ ተኩሰው ሞከሩ። ድሮኑ የክንፉን ፊት በስቶ ገብቶ ዋናውን አጥንት ጎዳው። አጥንቱ ከተጎዳ ምን ማለት እንደሆነ ከላይ ስለ ቀዩ ምልክት የነገርኳችሁ ይበቃል።

የሆነም አለ። እ.ኤ.አ. መስከረም 21 ቀን 2017 ኒው ዮርክ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሰሞን ነበር፤ የአየር ክልሉ በጊዜያዊ ገደብ ሥር ነው፣ የጦሩ ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተሮች ይቃኛሉ። አንድ በትርፍ ጊዜው ድሮን የሚያበር ሰው ከ4 ኪሎ ሜትር ርቀት ፋንተም 4ቱን ወደ ባሕሩ ልኮ ነበር። ድሮኑንም ሄሊኮፕተሩንም አያይም። ከባሕሩ በላይ 90 ሜትር ገደማ ላይ ተጋጩ። ሄሊኮፕተሩ በሰላም አረፈ፤ ዋናው የሮተር ክንፉ ላይ ግን የመሰርጎድ ጉዳት ተገኘ፣ የድሮኑ ሞተር ስባሪም አካሉ ውስጥ ተሰክቶ ነበር። በስባሪው ላይ ባለው ቁጥር ባለቤቱ ተገኘ። መርማሪዎቹ እስኪያነጋግሩት ድረስ ድሮኑ ውሃ ውስጥ ወድቆ የጠፋ ነበር የመሰለው። የአየር ገደቡንም አላወቀም። ጉባኤና ገደብ አዲስ አበባም ከኒው ዮርክ ባላነሰ አለ፤ ፈቃድ የያዘ ሰው በየጊዜው እንዲህ ያለ ገደብ ወጥቶ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ግጭት ይበልጥ ያመኛል፤ እሳት ነውና። መርካቶ የእሳትን ነገር ያውቃል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ሸማ ተራ አካባቢ የተነሳው ቃጠሎ የስንቱን የዕድሜ ልክ ጥሪት እንደበላ ዓይናችን አይቷል፤ በጠባቡ መንገድ የእሳት አደጋ መኪና ማስገባት እንኳ ጭንቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 9 ቀን 2025፣ ሎስ አንጀለስ ስትቃጠል አንድ ሰው ቃጠሎውን ለማየት ከመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ድሮን አስነሳ። ድሮኑ ከ2 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ርቆ ከዓይኑ ጠፋ፤ ከባሕር ውሃ እየቀዳ እሳቱ ላይ ከሚያፈስ አውሮፕላን ክንፍ ጋርም ተጋጨ። ድሮኑ 250 ግራም የማይሞላ፣ “ይቺ ምን ታደርጋለች” የሚባልላት ዓይነት ነበር። ክንፉን በሳው፣ አውሮፕላኑ ለቀናት ከሥራ ወጣ። ያ አውሮፕላን በአንድ ጊዜ 6,000 ሊትር ገደማ ውሃ ይጭናል። ባልተፈሰሰው ውሃ የስንት ሰው ቤት ሊድን ይችል እንደነበር አስቡት። በሀገራችንም በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ሄሊኮፕተር ከላይ ውሃ ሲያፈስ ነበር። እሳት ባለበት ቦታ ድሮን አይነሳም። ቪዲዮው የቱንም ያህል የሚፈለግ ቢሆን፣ ጋዜጠኛም ብትሆኑ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ራሳቸው ካልጠየቁ በቀር አይነሳም።

አንዳንድ አዳዲስ ድሮኖች በአቅራቢያ ያለ አውሮፕላን ከሚልከው የሬዲዮ ምልክት ተነስተው ስክሪን ላይ ማስጠንቀቂያ ያሳያሉ። ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን ምልክቱን የማይልክ አውሮፕላንን አያዩም። የጦር ሄሊኮፕተር ደግሞ ሁልጊዜ ምልክት ይልካል ማለት አይቻልም። ስክሪኑ ዝም አለ ማለት ሰማዩ ባዶ ነው ማለት አይደለም።

ለካሜራማኖች የምለው አንድ የሥራ ልማድ ነው፤ ድሮን ብቻውን የሚያበር ሰው አይኑር። የሚያበረው ሰው ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው፤ ጎኑ የቆመ ሌላ ሰው ደግሞ ሰማዩን ብቻ ይይ፣ በጆሮውም ይጠብቅ። ስልክ አያናግር፣ ሙሽራ አይይ። ድምፅ ሲሰማ “አውርድ!” ይበል፤ የሚያበረውም ለምን ብሎ ሳይጠይቅ ያውርድ። ድሮኑ ከሁለቱ ዓይን ከራቀ በቃ፣ ይመለስ። ከመነሳቱ በፊትም የመመለሻውን ከፍታ በአካባቢው ካለው ሕንፃ ጥቂት ብቻ ከፍ አድርገው ይሙሉት፤ ፋብሪካው የሞላውን እንዳለ አይተዉት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቶ ክንፉ ይበልጥ ይለፋል፣ ባትሪውም ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ደቂቃ ቀድሞ ያልቃል፤ ለመውረጃ የሚበቃ ባትሪ ሳይተርፍ ሄሊኮፕተር የመጣ እንደሆነ ምርጫ አይኖራችሁም።

መርካቶን ከላይ መቅረፅ ለሚፈልግ ሰው መልሴ አጭር ነው፤ በሥራ ቀን፣ በገበያ ሰዓት፣ ከጣሪያ ላይ አታስነሱ። ፈቃድ ቢኖራችሁም አታስነሱ። አንዱ ፎቅ ላይ ወጥታችሁ ካሜራችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ ቅረፁ፤ ከዚያ የሚታየው የሰው ጎርፍ ለማንም ቪዲዮ ይበቃል።

ለመርካቶ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴዎችና ጠጋኞች ደግሞ ልመና አለኝ። ድሮን፣ ባትሪ ወይም መለዋወጫ ፈልጎ የመጣን ልጅ ፈቃድ እንዳለው ጠይቁት። ጠግናችሁ ስትመልሱለት ሪሞቱን ከፍታችሁ የመመለሻው ከፍታ ስንት እንደተሞላ አብራችሁ እዩ፤ ሄሊኮፕተር ሲመጣ የትኛውን ዘንግ ወዴት እንደሚስብ በጣቱ አሳዩት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኛ ቤት ይህን ሳያደርግ ድሮኑን ይዞ የሚወጣ ደንበኛ የለም።